ለጀልባ የዓሣ ቆዳ

የመምህር ማቴዎስን ሞት የነገረችኝ መስታወት ሻጯ አስቴር ናት። ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ካለው ሱቋ ደጃፍ ቁጢጥ ብላ መስታወት ስትለካ ሳልፍ አየችኝና ሜትሩን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ጠራችኝ።

«አማረች! አንቺ፣ ሰምተሻል? እኚያ መስኮት የማያልቅላቸው ሰውዬ ዐረፉ አሉ።»

«የትኛው ሰውዬ?»

«መስታወት የሚለጠፍበትን ሲሊኮን በካርቶን የሚወስዱት ናቸዋ! ካንቺ ጋር የሚመጡት። እኔ እኮ ይሄን ሁሉ ዓመት ፎቅ እየሠሩ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ‹መምህር፣ ቤትዎ ስንት መስኮት ነው ያለው?› ብላቸው ‹አንድ ነው፣ እሱም በቆርቆሮ የተዘጋ ነው› አሉኝ። ታዲያ ያን ሁሉ ሲሊኮን ምን ያደርጉት ነበር?»

ዓሣ ይሠሩበት ነበር ብላት ታምነኛለች? «ሥራ ነበራቸው» አልኳትና መንገዴን ቀጠልኩ። የት እንደምሄድ ግን ጠፍቶኝ ነበር። እንደታመሙ አውቃለሁ፤ ከዚያ በሽታ እንደማይነሡም አውቃለሁ። ልቤን የመታው ሌላ ነገር ነው። አምስት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ደውዬላቸው አላውቅም ነበር። ያልደወልኩበት ምክንያት ደግሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚነገር አይደለም፤ ስለሳቸው ካልጻፍኩ ስለሱም መጻፍ አልችልም።

መምህር ማቴዎስ ሶዶ ካሉት ኮሌጆች በአንዱ የማሽን ትምህርት ያስተምሩ ነበር። ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ናቸው። የቀኝ እጃቸውን አውራ ጣት ከሌባ ጣታቸው ጋር ሁልጊዜ ያሻሉ፤ በመካከሉ አንድ ነገር ይዘው ሻካራ ይሁን ልስልስ የሚለዩ ይመስላል። ሲጨብጡ ቶሎ አይለቁም። መዳፍ ዳስሰው ፍርድ ይሰጣሉ። «ይሄ የወፍጮ ቤት እጅ ነው፣ ውሃ ይይዘዋል» ይላሉ። የኮሌጁን ዲን እጅ ጨብጠው «ይሄ በውሃ ውስጥ ሩቅ ይሄዳል» ማለታቸውን ሰው ሁሉ ያወራው ነበር። ዲኑ ምርቃት መስሎት አመስግኗል አሉ።

እኔ ወደ ወርክሾፓቸው የገባሁት በጽዳት ሠራተኛነት ነው። ከዲምቱ ወደ ሶዶ መጥቼ ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ስለሆነ የተጻፈ ነገር ሳላነብ መጣል አልችልም ነበር። የሳቸውን ቆሻሻ ቅርጫት ስገለብጥ የተጨማደዱትን ወረቀቶች እያቃናሁ አነብ ነበር። አንድ ቀን አንድ ቁጥር በአንዱ ወረቀት አንድ ዓይነት፣ በሌላው ሌላ ዓይነት ተጽፎ አገኘሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። በማግስቱ መጥረጊያውን ሳነሣ መጡና እጄን ጨበጡኝ። ረጅም ጊዜ ዳሰሱት።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ካጠፋሁ ይቅርታ…»

«ሰዓት መያዝ ትችያለሽ?»

ከኪሳቸው የሩጫ መምህራን የሚይዙትን ዓይነት ሰዓት አውጥተው ሰጡኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዓቱም የመለኪያው ደብተርም በእኔ እጅ ሆነ። ቆይቶ ወረቀት ጽፈው የላቦራቶሪ ረዳት አስደረጉኝ።

ሥራቸው ምን እንደነበር ልግለጸው። መምህር ማቴዎስ የተወለዱት ሁምቦ ወረዳ፣ ከተበላ ከተማ ወደ ታች ተወርዶ አባያ ሐይቅ ዳር ነው። ታላቅ ወንድማቸው ባሳ እስከ ዛሬ ዓሣ አጥማጅ ነው። አባያ ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ ጠዋት እንደ ሰሌን የተዘረጋው ውሃ ከምሳ በኋላ ጀልባ ይገፋል። ባሳ በዚያ ነፋስ ላይ አርባ ዓመት ቀዝፎ ትከሻው አልቋል። ማቴዎስን ያስተማረው ያ ትከሻ ነው፤ አባታቸው ቀደም ብለው ስለሞቱ ደብተሩም ጫማውም የሚገዛው ከዓሣው ነበር። «ወንድሜ ሸሚዝ ሲያወልቅ አይቼ አላውቅም» አሉኝ አንድ ጊዜ። «የሚያወልቅለት ሚስቱ ናት። ክንዱ ከዚህ በላይ አይነሣም።» በራሳቸው ክንድ ልኩን አሳዩኝ፤ ከደረታቸው አላለፈም።

ሞተር መግዛት አንድ ነገር ነው፤ ነዳጁ ግን በየቀኑ ነው። ስለዚህ መምህር ማቴዎስ ውሃውን ለማታለል ተነሡ። ለተማሪ ሲያስረዱ እንዲህ ነበር የሚሉት፦ «ቀዛፊን የሚያደክመው የጀልባው ክብደት ብቻ ይመስላችኋል። አይደለም። ውሃው የጀልባውን ቆዳ ይዞ አይለቅም። ጎትቶ፣ ተጠቅልሎ፣ ከኋላ ይንጠለጠላል። ዓሣን ግን አይይዘውም። ለምን?» ከዚያ የሻርክን ቆዳ በትልቁ ያነሣ ፎቶ ኮፒ ያዞራሉ። የሻርክ ቆዳ ከጭንቅላት ወደ ጅራት ቢዳስሱት ልስልስ ነው፤ ከጅራት ወደ ጭንቅላት ሲመለሱ ግን ሞረድ ነው። በላዩ ላይ ዓይን የማያያቸው ቦዮች አሉ። ውሃው በነዚያ ቦዮች ተሰልፎ ስለሚያልፍ አይጠቀለልም። በሌላ አገር ይህን ቆዳ እየቀዱ ለመርከብ እንደሚያለብሱ አንብበዋል።

«እኛ ሻርክ የለንም» ይሉና ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጋዜጣ ይገልጣሉ። ከጋዜጣው ሥር ቆሮሶ ዓሣ ተኝቷል። «ያለን ይሄ ነው። ይሄም ቢሆን ሲዋኝ ደክሞት ያየ ሰው የለም።»

የቆሮሶውን ቆዳ ጣውላ ላይ ወጥረን ጄሶ እናፈስበታለን። ጄሶው ሲደርቅ የቅርፊቱን ምልክት ይዞ ይቀራል። እዚያ ላይ ነው የአስቴርን ሲሊኮን በስሱ የምንቀባው። ሲላጥ ዓሣ የመሰለ፣ ግራጫ፣ የሚለጠጥ ቆዳ ይወጣል። ወርክሾፑ ይሸታል። በሁዳዴ ዓሣ ተሸክመው ሲገቡ፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣው መምህር ግርማ በር ላይ ጠብቆ ይይዛቸዋል።

«መምህር፣ ዓሣ በሁዳዴ? ኧረ እግዜርን ይፍሩ!»

«እኔ ቆዳውን ነው የምፈልገው፣ ግርማ።»

«ሥጋውስ?»

«ለድመቷ ነው።»

«ድመቷ ወፈረች እኮ መምህር! እርስዎ ግን እየከሱ ነው። አንዳችሁ ትዋሻላችሁ።»

እሳቸውም ይስቁ ነበር። መክሳታቸውን እኔም አይቻለሁ። ሁላችንም ከሥራው ብዛት ነው ብለን ነበር።

ከላሜራ የተሠራ ረጅም ገንዳ ነበረን። ጣውላውን ውሃው ላይ አድርገን በገመድ አስረን፣ ገመዱን በሚሽከረከር ፑሊ አሳልፈን ጫፉ ላይ ብረት እናንጠለጥላለን። ብረቱ ሲወርድ ጣውላው ይሮጣል። ከምልክት እስከ ምልክት እኔ ሰዓት እይዛለሁ። ጣውላዎቹ ብዙ ነበሩ፤ የተለያየ ቅርፊት የለበሱ። አንዱ ግን ምንም ያልለበሰ ነው፤ ባዶው እንለዋለን። ሌሎቹ ሁሉ የሚወዳደሩት ከሱ ጋር ነው። አንዱ ጣውላ ደህና ሲሮጥ በወላይትኛ «ሎኦ!» ብለው ጭናቸውን ይመታሉ። ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። ካልሮጠ ጣውላውን አውጥተው እንደ ታመመ ሕፃን በፎጣ ያደርቁታል።

አሁን ወደ ስሕተቱ መጣሁ።

ሶዶ ውስጥ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ የሚያውቅ ያውቃል። ያን ገንዳ በጄሪካንና በበርሜል ለመሙላት የሁለት ሳምንት ፈረቃ ፈጅቶብናል። ስለዚህ ውሃውን አንደፋም ነበር። መምህር ማቴዎስ በሸራ ይሸፍኑታል፤ ጠዋት ጠዋት ቅጠልና ትንኝ በወንፊት ያወጣሉ፤ የጎደለውን ብቻ እንጨምራለን። ከአጥሩ ውጭ ሴቶች ጄሪካን አሰልፈው እያዩ አንድ ገንዳ ውሃ ሜዳ ላይ መድፋት ነውር ነው። እሳቸው እንዲያውም የታጠብንበትን ጣሳ እዚያው ገንዳ ውስጥ ያለቀልቁ ነበር። እኛ ይህን ቁጠባ እንጂ ሌላ ምንም አላልነውም።

በዚያው በጋ ተልባ ሞከሩ። ዓሣ ልጋግ አለው፤ አምባዛ በእጅ የማይያዘው በቅርፊት አይደለም፣ ቅርፊት የለውም፤ በልጋጉ ነው። ተልባ ፈልቶ ሲጠልል የሚወጣው ውሃ ደግሞ ያንኑ ልጋግ ይመስላል። ጣውላ ላይ ቀብተን ለቀቅነው። በጣም ከመፍጠኑ የተነሣ ሰዓቱን የተሳሳትኩ መሰለኝ። ደግመን ቀባን፣ ደግሞ ሮጠ። እሳቸው ግን ወዲያው ተዉት። «ይታጠባል» አሉ። «አንድ ጊዜ ሄዶ ያልቃል። ባሳ ሐይቅ መሐል ተልባ ሊያፈላ ነው?» ቢሆንም ልባቸው አልቆረጠም ነበር፤ በየሳምንቱ በሙጫ፣ በሰም፣ በእንሰት ቡላ እያደባለቁ ይሞክሩታል። ሁልጊዜ ይታጠባል። የሚታጠበው ገንዳው ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላ የቅርፊት ጣውላዎቹ መሮጥ ጀመሩ። በየሳምንቱ ይሻሻላሉ። መምህር ማቴዎስ እጃቸው እየተካነ የመጣ መሰላቸው። ደስታቸው ወሰን አልነበረውም፤ ባዶውን ጣውላ ግን ማስሮጥ ተዉ። «የመጀመሪያውን ሳምንት ቁጥር ይዘናል፣ እንጨት እንጨት ነው፣ አይለወጥም» አሉ።

እኔ አልተውኩም። ክፉ አመል አለብኝ፤ አንድ ጊዜ አድርጊ የተባልኩትን ሌላ ጊዜ ተዪ ብባል እጄ እሺ አይልም። ጠዋት እሳቸው ሳይመጡ ባዶውን ሦስት ጊዜ አስሮጥና ቁጥሩን በደብተሩ የመጨረሻ ገጾች ላይ እጽፍ ነበር። ለማንም ብዬ አይደለም።

አንድ ጠዋት የኋለኛውን ገጽ ከፊተኛው ጋር አስተያየሁት። ባዶው ጣውላም ፈጥኗል። ከቅርፊቱ ጣውላ እኩል ፈጥኗል። አላመንኩም፤ ደግሜ አስሮጥኩት። ከዚያ እጄን ገንዳው ውስጥ ነክሬ አውጥቼ እሳቸው እንደሚያደርጉት ጣቶቼን አሸሁ። ተንሸራተቱ። ውሃው ራሱ ተልባ ሆኗል። ጣውላዎቹን የሚያስሮጣቸው ውሃው ነበር፤ የሲሊኮኑ ቆዳ ምንም አላደረገም።

ደብተሩን ይዤ በሩ ላይ ጠበቅኳቸው። ልነግራቸው ነበር። ይህን ለራሴ ማስተባበያ አልጽፈውም፤ በእርግጥ ልነግራቸው ነበር።

በዚያን ቀን ዱቦ ካለው ሆስፒታል ሐኪም ዘንድ ሄደው ስለነበር ረፈድ አድርገው መጡ። ብብታቸው ሥር ነጭ ፖስታ ነበር። ወንበር ሳቡና ከመቀመጣቸው በፊት ጠረጴዛውን ተደግፈው ትንሽ ቆሙ።

«ምን አሏችሁ?» አልኳቸው። ደንግጬ ነው ‹አሏችሁ› ያልኩት።

«ጉበት ነው አሉ። ድካም ቀንስ፣ ጨው ቀንስ…» ፖስታውን መሳቢያ ውስጥ ከተው ዘጉት። ከዚያ ፊታቸው ድንገት በራ። «ከዱቦ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ለባሳ ደወልኩለት። ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ፣ ጀልባህን አድርቀህ ጠብቀኝ አልኩት። ምን አለኝ መሰለሽ?»

«ምን አሉዎት?»

«‹ጀልባዬን ልትድራት ነው እንዴ?› አለኝ!» ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ዓይናቸው እንባ ሞላ። «እንዲያ ደስ ብሎት ሰምቼው አላውቅም። አማረች፣ ያን ደብተር እስቲ አምጪው፣ የትናንቱን ልየው።»

በፊተኛው ገጽ ከፍቼ ሰጠኋቸው።

ነገ እላለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ ከሳምንቱ በኋላ አልኩ። በየቀኑ ጠዋት ባዶውን አስሮጥኩ፣ በየቀኑ ከኋላ ጻፍኩ፣ በየቀኑ ከፊት ከፍቼ ሰጠሁ። የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ አንዲት ቁጥር አልቀየርኩም። ይህ ይበልጥ ያሳፍረኛል።

ከፋሲካ በኋላ የሲሊኮኑን ቆዳ እንደ ምንጣፍ ጠቅልለን በሚኒባስ ተበላ ወረድን፤ ከዚያ በሞተር ሳይክል፣ የቀረውን በእግር። ሙቀቱ ይደፋል። መምህር ማቴዎስ በየመቶ እርምጃው ዛፍ ይደገፉ ነበር። ባሳን ያን ቀን ነው መጀመሪያ ያየሁት። አጭር፣ ጥቁር፣ አንገት የሌለው የሚመስል ሰው ነው፤ ትከሻዎቹ ወደ ጆሮዎቹ ወጥተው እዚያው ደርቀዋል። አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም።

«አማረች ማለት አንተ ነህ? የሰዓቱ ሰው? ወንድሜ ስልክ ላይ ስላንተ ብቻ ነው የሚያወራ!»

ሁለት ቀን ለጠፍን። አጥማጆቹ ሥራቸውን ትተው ከበቡን።

«ባሳ፣ ጀልባህ ጫማ ገባች!»

«ጫማ አይደለም፣ ካልሲ ነው!»

«ዓሣዎቹ ዘመዳቸው መስላቸው ተከትለዋት ይመጣሉ፤ መረብ አትፈልግም በቃ!»

ባሳ መልሶ ይሰድባቸዋል፤ በወላይትኛ ስለሆነ ሁሉም አልገባኝም። ሙሽራ የሚድር አባት ይመስል ነበር። እኔ ሙጫ እየቀባሁ አንገቴን ደፍቻለሁ። ሐይቁን ማየት አልቻልኩም፤ ያ ሁሉ ውሃ፣ አንዲት ፍሬ ተልባ የሌለበት ውሃ።

ጀልባዋ ቆዳ ሳትለብስ፣ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ ባሳ ከአንድ ዛፍ እስከ ሌላው ሲቀዝፍ ሰዓት ይዤ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ ቆዳዋን ለብሳ ገባች። ባሳ ቀዘፈ። ጥርሱን ነክሶ ሲቀዝፍ ከዳር ሆነን እናየዋለን። ሰዓቱን ያዝኩ። በፊት ከነበረው ዘገየ። ብዙ አይደለም፤ ግን ዘገየ። ሲሊኮኑ ክብደት ጨምሯል፤ የተጋጠመበትም ቦታ ውሃ ይይዛል።

ባሳ ወደ ዳር ተመልሶ፣ ላቡ በአፍንጫው ጫፍ እየተንጠባጠበ፣ በአማርኛ ጮኸ። በአማርኛ የጮኸው ለእኔም እንዲሰማ ይመስለኛል።

«ቀለለኝ! በእውነት ነው የምልህ ማቴ፣ እንደ ላባ ነው የሄደች!»

አጥማጆቹ አጨበጨቡ። መምህር ማቴዎስ አላጨበጨቡም። ወንድማቸውን ትኩር ብለው አዩት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አማረች። ስንት አለ?»

ነገርኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። አጥማጆቹ እስኪበተኑ ጠበቁ። ባሳ ጀልባዋን ወደ ሸምበቆው ሊያስር ሲሄድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉልኝ። ደብተሩን ነው የፈለጉት። ሰጠኋቸው። ከፊት ወደ ኋላ ገለጡ፣ ገለጡ፣ ከዚያ የመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ደረሱ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ባዶው ነው።»

«ማን አስሮጠው?»

«እኔ።»

«መቼ?»

«በየጠዋቱ። እርስዎ ሳይመጡ።»

ጣታቸውን በቁጥሮቹ ላይ እያስኬዱ አነበቡ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢቆጡኝ ተመኘሁ። እሳቸው ግን ቀና ሲሉ ፊታቸው እንደ ተማሪ ፊት በርቶ ነበር።

«ውሃው ነዋ!» አሉ። «አማረች፣ ውሃው ነው! ተልባው ውሃው ውስጥ ገብቶ ነው! ይታጠባል፣ ይታጠባል እያልኩ የጣልኩት እኮ… መታጠቡ ነው ሥራው! ዓሣስ ቢሆን ልጋጉን መች ይዞ ያስቀራል? እየሄደ ያንጠባጥባል። እኔ ቅርፊቱን ስቀዳ ከረምኩ፤ የሚያስኬደው ግን የሚያንጠባጥበው ነው። ቀዳዳ ያለው ቆዳ ቢሆን፣ ከውስጥ ልጋጉን ቀስ እያለ የሚለቅ… አንድ ጣሳ ለአንድ ቀን ቢበቃ…» በጣታቸው አሸዋው ላይ መሣል ጀመሩ። የጀልባ ሆድ ሣሉ፤ በሆዱ ዙሪያ ነጠብጣብ አደረጉ። «የእኔ ሥራ ሁሉ እዚህች የኋላ ገጽ ላይ ነበር። ያንቺ ናት፣ ታውቂያለሽ? ያገኘሽው አንቺ ነሽ።»

ከዚያ ደብተሩን እንደገና አነሡና ባዶው ከቅርፊቱ እኩል የፈጠነበትን፣ እኔም ደጋግሜ ያስሮጥኩበትን ገጽ ፈለጉ። ከዳር የተጻፈውን ቀን አዩ። ጣታቸው እዚያ ላይ ቆመ።

«ይሄ ዱቦ የሄድኩ ቀን ነው።»

«አዎ።»

«ያኔ አውቀሻል።»

«አዎ።»

በጣታቸው ቆጠሩ። በወላይትኛ ነበር የቆጠሩት፤ ሰባት ላይ አቆሙ። ሰባት ሳምንት።

«ያኔ ገና መቆም እችል ነበር» አሉ።

ድምፃቸው ውስጥ ምንም ቁጣ አልነበረም። ከድንጋዩ ለመነሣት ሞከሩና አልቻሉም፤ እጄን ሰጠኋቸው። ጨበጡት፤ ያን ቀን ግን አልዳሰሱትም።

ወደ ሶዶ ከተመለስን በኋላ ሁለት ጊዜ ብቻ ወርክሾፕ መጡ። በሁለተኛው ቀን ቀዳዳ ላለው ቆዳ የሚሆን ጄሶ ለማፍሰስ ሞክረው እጃቸው ከዳቸው፤ ጄሶው ወለሉ ላይ ፈስሶ ደረቀ። እኔ ልሥራው አልኩ። «ሥሪው» አሉኝ፤ እኔ ግን የሳቸውን እጅ እንጂ የሳቸውን ጭንቅላት አላገኘሁም። የሞከርኩት ሁሉ ወይ ይደፈናል ወይ በአንዴ ይፈስሳል። ክረምት ሲገባ ክፍሉ ለሌላ ሥራ ተፈለገና ገንዳው ወጣ። ውሃውን ግቢው ላይ ደፋነው። እሳቸው ወንድማቸው ጋ ወረዱ። ሲሄዱ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው፤ «ደውይልኝ» አሉኝ፣ «አዲስ ነገር ካለ።» አዲስ ነገር አልነበረም። ስለዚህ አልደወልኩም። ሌላ ነገር ለማውራት መደወል እንደሚቻል ያኔ አልታየኝም፤ ወይም ታይቶኝ ፈርቻለሁ።

ለቅሶ የደረስኩት ከተቀበሩ በአራተኛው ቀን ነው። ድንኳኑ ገና አልፈረሰም። ባሳ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። እስከ መጨረሻው ቀን ተልባ እያስፈሉ በብርጭቆ ውስጥ ያዩት እንደነበር ነገረኝ። «ይጠጣል ብዬ ነበር» አለ። «አይጠጣም። ዝም ብሎ ያያል።»

ሰው ቀለል ሲል ወደ ሐይቁ ወረድን። ጀልባዋ ሸምበቆው ዳር ታስራለች። የሲሊኮኑ ቆዳ አሁንም ላይዋ ነው። አልጌ ይዞታል፤ አረንጓዴ ሆኗል። በዚህ ሁሉ ወር ባሳ ያንኑ ቆዳ እንደለበሰች ነው የቀዘፋት። ትከሻውን አየሁት። ከፋሲካው ይልቅ ወጥቷል።

ወዲያው ነገርኩት።

«ጋሽ ባሳ፣ ቆዳው ጀልባዋን ያከብዳታል። ያን ቀንም አክብዷት ነበር፤ በሰዓት አይቻለሁ። ከዚህ በላይ በሱ ከቀዘፉ ክንድዎ ይቀራል። ይላጡት።»

«አውቃለሁ» አለኝ። «የምቀዝፍ እኔ አይደለሁ?»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ቀለለኝ አሏቸው?»

«ወንድሜ ነዋ።» ውሃውን አየ። «ከሄደ በኋላ ደግሞ እንዴት ልላጠው? እሱ ያለበሳት ነው።» ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ላይ ክስ አልነበረም፤ መልሱን የምር ማወቅ የፈለገ ሰው ፊት ነበር። «አንተስ? የደብተሩን ነገር ማቴ ነግሮኛል። ለእኔ ዛሬ ነገርክ። ለሱ ለምን አልነገርክም?»

ብዙ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ አምስት ወር ሙሉ ሳዘጋጅ ነው የከረምኩት። አንዱም ከአፌ አልወጣም።

ባሳ ከወገቡ የዓሣ ቢላዋውን መዘዘና እጀታውን ወደ እኔ አዙሮ ሰጠኝ።

«አንተ ላጠው» አለ። «እኔ አልችልም።»

ጫማዬን አወለቅኩና ውሃው ውስጥ ገባሁ። ከኋላዋ በኩል ቢላዋውን በሲሊኮኑ ሥር አስገብቼ ሳብኩ። ቶሎ አልወጣም። በደንብ ነበር የለጠፍነው።